ክለቡ የማን ነው? ከግሪን ቤይ ቲፎዞዎች እስከ ጓሳ ሳር

ክለባችን ሲያሸንፍ "አሸነፍን" እንላለን። ተጫዋች ሲያስፈርም "አስፈረምን"፣ አሰልጣኝ ሲያሰናብት "አባረርነው"። ሲሸነፍ ግን አንዳንዶቻችን "ተሸነፉ" ብለን እንሸሻለን፤ እሱን እንተወው።

እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ተጫዋቹ ሲፈርም ማን ጠየቃችሁ? ክለቡ በዓመት ስንት ብር እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ? ነገ ጠዋት "ቡድኑ ፈርሷል" የሚል ደብዳቤ ቢወጣ ድምፅ የምትሰጡበት ስብሰባ አለ? የአብዛኞቻችን መልስ "የለም" ነው። "የኛ" የምንለው ክለብ በወረቀት ላይ የኛ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ግን ደጋፊው በወረቀትም ባለቤት የሆነበት አንድ ትልቅ ፕሮፌሽናል ቡድን አለ። የሚጫወተው የኛን እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካ ፉትቦል ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ደግሞ ከኳስ ጋር ምንም የማያገናኘው የጓሳ ሳር አለ፤ እሱም ለ400 ዓመት ገደማ የባለቤቶቹ ሕግ የነበረው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ስለኛ ክለቦች የሚነግሩን ነገር አለ።

መጀመሪያ ስለ ሊጉ

የአሜሪካ ፉትቦል በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ የሚወረወርበት፣ ኳሷም ሞላላ የሆነች ጨዋታ ነው። ትልቁ ሊግ ኤን ኤፍ ኤል ይባላል። 32 ቡድኖች አሉት፤ ወራጅ የለም፣ አዳጊም የለም። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው 17 ጨዋታ ብቻ ነው። በሜዳው የሚያደርገው 8 ወይም 9 ነው። ውድድሩ መስከረም አካባቢ ይጀምርና ጥር አካባቢ 14 ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ በየካቲት መጀመሪያ ሱፐር ቦውል የሚባለው የፍጻሜ ጨዋታ ይደረጋል።

ጨዋታው ጥቂት ስለሆነ ቲፎዞው አንዱን ጨዋታ ሳምንት ሙሉ ያመነዥከዋል። ማን ተጎዳ፣ አሰልጣኙ ለምን እንደዚያ ወሰነ፣ የሚቀጥለው ሳምንት እንዴት ነው... የኛ ሰፈር ላይ ከአርሴናልና ከማንቸስተር ጨዋታ በኋላ የምንሰማው ክርክር ማለት ነው።

አብዛኞቹ ቡድኖች የቢሊየነሮች ንብረት ናቸው። ባለቤቱ ከፈለገ ቡድኑን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ይችላል። ይህ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ በተደጋጋሚ ሆኗል። እ.ኤ.አ በመጋቢት 1984 ባልቲሞር ኮልትስ የተባለው ቡድን በአንድ ሌሊት ዕቃውን በጭነት መኪና አስጭኖ ኢንዲያናፖሊስ ገባ። የግዛቱ ምክር ቤት ቡድኑን በሕግ ለማስቀረት እየተንቀሳቀሰ ስለነበር ባለቤቱ ቀደማቸው። የባልቲሞር ሰው ጠዋት ሲነሳ ቡድን የለውም። የሚገርመው የቡድኑ የማርሽ ባንድ አልፈረሰም፤ ከተማዋ ሌላ ቡድን እስክታገኝ ድረስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቡድን የሌለው ባንድ ሆኖ ሲጫወት ኖረ። ኦክላንድም ሬይደርስን እ.ኤ.አ በ2020 በላስ ቬጋስ ተነጥቃለች።

ሊሸጥና ሊሰደድ የማይችለው ቡድን

ግሪን ቤይ ዊስኮንሰን በሚባለው ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሕዝቧ ቁጥር 107 ሺህ ገደማ ነው። በሊጉ ውስጥ ከእነ ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ዳላስ ጋር እኩል የምትቆም እሷ ናት። ቡድኗ ግሪን ቤይ ፓከርስ እ.ኤ.አ በ1919 ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው ለመለያ ልብስ ገንዘብ ከሰጠው የሥጋ ማሸጊያ ድርጅት ነው። እስካሁን 13 ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከነዚህ ውስጥ አራቱ ሱፐር ቦውል ናቸው።

ቡድኑ ሲጀምር ገንዘብ አልነበረውም። ዝናብ ሲዘንብ ተመልካች ይቀራል፣ ተመልካች ሲቀር ዕዳ ይመጣል። በ1923 የከተማው ሰዎች ተሰብስበው "አክሲዮን እንሽጥ" አሉ። የአንዱ ዋጋ 5 ዶላር ነበር፤ 1,000 ያህል ተሸጠ። ትርፍ የሚካፈል ድርጅት ሳይሆን የሕዝብ ማህበር አድርገው አቋቋሙት።

ከዚያ በኋላም ሲጨንቀው ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። አንድ ተመልካች ከመቀመጫው ወድቆ ከሶ ካሳ ተፈረደለት፤ የቡድኑ መድን ድርጅት ደግሞ ከስሮ መክፈል አቃተው። ቡድኑ ሊፈርስ ሲል በ1935 ሌላ አክሲዮን ተሸጠ። በ1950 እንደገና። ከዚያም በ1997፣ በ2011 እና በ2021። የመጨረሻው ላይ አንዱ አክሲዮን 300 ዶላር ነበር። ዛሬ የባለአክሲዮኖቹ ቁጥር ከ538 ሺህ በላይ ነው። የከተማዋን ሕዝብ አምስት እጥፍ ማለት ነው!

የስታዲየሙ ስም ላምቦ ፊልድ ይባላል። ከ81 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የዓመት ትኬት ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቁት ስሞች ከ140 ሺህ በላይ ናቸው። ሰው ልጁ ሲወለድ ስሙን ወረፋው ላይ ያስመዘግባል።

ብርዱን ደግሞ መንዝን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። እ.ኤ.አ ታህሳስ 31 ቀን 1967 ከዳላስ ጋር ለዋንጫ ሲጫወቱ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የዳኞቹ ፊሽካ በቅዝቃዜው መሥራት አቆመ፤ በድምፃቸው እየጮሁ ዳኙ። ሰዉ ግን ከመቀመጫው አልተነሳም። ፓከርስ 21 ለ 17 አሸነፈ። እስከዛሬም በረዶ ሲጥል ክለቡ "ኑ እንጥረግ" ይላል፤ የከተማው ሰው አካፋ ይዞ ይመጣል፣ በሰዓት ይከፈለዋል። ከፍያ ያለው ደቦ በሉት።

ወረቀቱ ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፓከርስ አክሲዮን እንደምናውቀው የባንክ አክሲዮን አይደለም። ትርፍ አይከፋፈልም፣ ዋጋው አይጨምርም፣ ለሌላ ሰው አትርፎ መሸጥ አይቻልም። ወረፋውን ዘሎ ትኬት አያስገኝም። ክለቡ ራሱ ሲሸጥ "ይህ ኢንቨስትመንት አይደለም" ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ማንም ሰው ከ200 ሺህ በላይ አክሲዮን መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ሀብታም መጥቶ ሊጠቀልለው አይችልም።

ተጫዋች መምረጥም የባለአክሲዮኑ ሥራ አይደለም። ነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ) ላይ ክለቡ ማይካ ፓርሰንስ የተባለውን ኃይለኛ ተከላካይ ከዳላስ አመጣ። ለእሱ ሲባል የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ዙር የወጣት ተጫዋች ምርጫ ዕድልና አንድ ነባር ተጫዋች ሰጠ፤ ውሉም የአራት ዓመት፣ 188 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግማሹ ቲፎዞ "ዘንድሮ ዋንጫ የኛ ነው" አለ። ሌላው ግማሽ "ነገን ሸጠን ዛሬን ገዛን" ብሎ ተከራከረ። ከአንድ ወር በኋላ ፓርሰንስ ከቀድሞ ቡድኑ ጋር ዳላስ ላይ ሲገናኝ 40 ለ 40 ወጡ። በዚያ ሊግ እኩል መውጣት ብርቅ ነው። ክርክሩም ሳይቋጭ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ግማሽ ሚሊዮን ባለቤት ካለው ለዝውውሩ ድምፅ የሰጠ ነበር? ማንም። ያ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው።

እና ወረቀቱ ጥቅሙ ምንድነው? አንደኛ፣ የቦርድ አባላትን የሚመርጡት ባለአክሲዮኖቹ ናቸው፤ በየዓመቱ በሐምሌ ስታዲየሙ ውስጥ ጉባኤ አለ፣ ሪፖርት ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ክለቡ የሒሳብ መዝገቡን ይፋ ያደርጋል። በሊጉ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ቡድን የለም። ጋዜጠኞች ሌሎቹ 31 ቡድኖች ከሊጉ ስንት እንደደረሳቸው የሚያውቁት በፓከርስ ሪፖርት ነው፤ ክፍፍሉ እኩል ስለሆነ። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ክለቡ ቢሸጥ እንኳ ገንዘቡ ለማንም ኪስ አይገባም። በደንቡ መሠረት ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው። ሸጦ የሚያተርፍ ሰው ከሌለ ደግሞ ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው የለም። በሌሊት ዕቃ ጭኖ የሚጠፋም የለም።

ኤን ኤፍ ኤል ዛሬ ሌላ ቡድን በዚህ መልክ እንዲቋቋም አይፈቅድም። ፓከርስ ከደንቡ በፊት ስለነበር ነው የተረፈው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከአክሲዮን ነው ካላችሁ ተሳስታችኋል። የአክሲዮኑ ብር ዘንድሮ ዘንድሮ የሚውለው ለስታዲየም ግንባታ ነው። ትንሿን ከተማ በሕይወት ያቆያት የቴሌቪዥን ገንዘብ አከፋፈል ነው።

እ.ኤ.አ በ1961 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ሕግ የሊጉ ቡድኖች የቴሌቪዥን መብታቸውን በጋራ እንዲሸጡ ፈቀደ። ቡድኖቹም ገንዘቡን እኩል ለመካፈል ተስማሙ። ኒውዮርክም ግሪን ቤይም አንድ ዓይነት ድርሻ ያገኛሉ። እስከ መጋቢት 2025 በነበረው የሒሳብ ዓመት ለእያንዳንዱ ቡድን ከሊጉ የደረሰው ከ432 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለደመወዝም ጣሪያ አለ፤ በ2025 የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን 279 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የቀደመው ዓመት ደካማ ቡድን ደግሞ አዳዲስ ወጣቶችን ቀድሞ ይመርጣል። ስለዚህ ሀብታሙ ሁሉንም አይጠቀልልም።

በሌላ አነጋገር፣ ግሪን ቤይ የቆመችው በሁለት እግር ነው። ክለቡን ለከተማው ያሰረው የባለቤትነቱ ወረቀት ነው። ክለቡን የሚያበላው ደግሞ ቡድኖቹ የተስማሙበት የጋራ ክፍፍል ነው።

አሁን ወደ ጓሳ

ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ስትታጠፉ፣ ከተማው ከመድረሳችሁ በፊት ጓሳን ታገኙታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ስሙን ያገኘው ከሳሩ ነው። የጓሳ ሳር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ነው። በዚያ ብርድ ያለ ሳሩ ኑሮ የለም።

ሁሉም የሚፈልገው ነገር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የመንዝ አባቶች ይህን ስላወቁ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሕግ አወጡ። የቄሮ ሥርዓት ይባላል (በቅርብ ዓመታት በፖለቲካ ከምንሰማው ስም ጋር አይገናኝም)። በአካባቢው ታሪክ መሠረት መሬቱ አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት ቀደምት አባቶች የተያያዘ ነው፤ የመጠቀም መብት ያላቸውም የነሱ ዘሮች ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሳር ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። እየዞሩ የመጠበቅ ግዴታ የሁሉም ነው። ሳሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል። ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ ሰውም ከብትም ይወጣል፤ እንደገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ቅጣቱ ከባድ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሥርዓቱን ያቆመው ሳሩ የጋራ መሆኑ ብቻ አልነበረም። ባለመብቱ በስም ይታወቃል። አለቃው ከመካከላቸው የተመረጠ ነው። ደግሞ "ዛሬ አትንካ" የሚል ሕግ አለ፤ ያንን ሕግ ሁሉም ይጠብቃል።

ጉድለትም ነበረው። ከሁለቱ አባቶች ዘር ያልሆነ ሰው አይካተትም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። መሬት ለሌለው ገበሬ ትልቅ ፍትሕ ነው። ጓሳ ላይ ግን ያልታሰበ ነገር አስከተለ። የድሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ አዲስ ጠባቂ ግን በቦታው አልቆመም። "የሕዝብ ነው" የተባለው ሳር የሚቆጣው ሰው አጥቶ ሁሉም እንደፈለገ ያጭደውና ያግጠው ጀመር። ሳሩ ተጎዳ።

ያዳነው መልሶ የአካባቢው ሰው ነው። በጓሳ ላይ ለዓመታት ጥናት ያደረጉት ዶ/ር ዘላለም ተፈራ እንደጻፉት፣ ሕዝቡ በእድር መልክ የተደራጀ አዲስ ጥበቃ ጀመረ። በዚህኛው ግን ቀድሞ ያልተካተቱትም ገቡ። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ አካባቢው በአማራ ክልል ሕግ የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ እውቅና አግኝቷል።

እንግዲህ ጓሳ ሁለት ነገር አሳየን። በስም "የሕዝብ" የሆነ ነገር ባለቤት የሌለው ሊሆን ይችላል። የተበላሸውም እውነተኛ ባለቤት ሲያገኝ ይመለሳል።

የኛስ ክለቦች?

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወቱ ክለቦችን ብናይ አብዛኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የከተማ ወይም የአካባቢ አስተዳደር በጀት የሚመድብላቸው ነው፤ ሐዋሳ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አዳማ ከተማ። ሌላው የተቋም ቡድን ነው፤ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ መቻል፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ ከነዚህ የሚለይ ሰፊ የደጋፊ መሠረት አላቸው፤ ደጋፊዎቻቸውም በማህበር የተደራጁ ናቸው።

ሁሉም "የሕዝብ ክለብ" ይባላሉ። ግን ከላይ የጠየቅነውን እንድገመው፦ ቢፈርስ ማን ይጠየቃል?

ምሳሌ እንውሰድ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ከሊጉ ከወረደ በኋላ ፈርሶ ነበር። ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመ፣ ወደ ሊጉ ተመለሰና በ2016 ዋንጫውን አነሳ። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ሲፈርስም ሲመለስም የወሰነው ተቋሙ ነው። በመሐል ቡድን አልባ ሆኖ የከረመው ደጋፊ ድምፅ አልነበረውም። ልክ እንደ ባልቲሞር።

ሁለተኛው ምሳሌ ፋሲል ከነማ ነው። በ2013 ታሪካዊውን የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫውን አነሳ። በዚያ ዓመት ግን በኮሮና ምክንያት የሊጉ ጨዋታዎች የተካሄዱት በተመረጡ ከተሞች ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ጎንደር የለችበትም። የጎንደር ሰው ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያይ ነው። ይህ አሠራር ከኮሮና በኋላም ቀጠለ። ሊጉ በጥቂት ከተሞች እየዞረ ይካሄዳል፤ የብዙ ክለብ ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በቴሌቪዥን ሆነ። የግሪን ቤይ ሰው በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ የሜዳው ጨዋታ አለው። የኛ ደጋፊ በዓመት ዜሮ የሚሆንበት ከተማ ብዙ ነው።

ምክንያቶቹን መካድ አይቻልም። ሜዳዎቹ ለቴሌቪዥን ቀረጻ ብቁ መሆን አለባቸው፣ ጸጥታ አለ፣ የጉዞ ወጪ አለ። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ውሳኔው ሲወሰን ደጋፊውን ወክሎ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ማን ነው?

ሊጉ ራሱ በጥሩ ጎዳና ጀምሯል። በ2012 ክለቦቹ ባለአክሲዮን የሆኑበት የሊግ አክሲዮን ማህበር ተቋቁሟል። በ2013 ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት የስርጭት ውል ተፈራርሟል፤ በወቅቱ 68 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ነው የተነገረው። ማለትም የግሪን ቤይ ሁለተኛው እግር፣ የጋራ ሽያጭና ክፍፍል፣ በትንሹም ቢሆን አለን። የጎደለን የመጀመሪያው እግር ነው። ክለቦቹ የሊጉ ባለአክሲዮን ናቸው፤ ደጋፊው የክለቡ ምንም አይደለም።

ገንዘቡን እናስላው

"ደጋፊ ክለቡን ይግዛው" ማለት ቀላል ነው። ስሌቱ ግን ቀላል አይደለም።

በ2011 የክለቦች ወጪ ከቁጥጥር ወጥቷል፣ የሕዝብ ገንዘብ እየባከነ ነው ተብሎ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በዚያ ጣሪያ 25 ተጫዋች ቢኖር በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አሁን ደግሞ 10 ሺህ ደጋፊ በወር 100 ብር ያዋጣ እንበል። በዓመት 12 ሚሊዮን ብር ነው። አስቡት፤ 10 ሺህ ሰው ሳያቋርጥ ከፍሎ እንኳ የድሮውን ደመወዝ አይሸፍንም። አሰልጣኝ፣ ጉዞ፣ ሆቴል፣ ሕክምና ገና አልተቆጠረም። የዛሬው ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው።

ስለዚህ የከተማውን ወይም የተቋሙን በጀት ነገ ጠዋት አስቀርቶ ሁሉን በደጋፊ ላይ መጣል ክለቡን መግደል ነው። ግሪን ቤይም በደጋፊ መዋጮ ብቻ አይኖርም ብለናል።

ግን 12 ሚሊዮን ብር ክለብ ባይገዛም ወንበር ይገዛል። በቦርዱ ውስጥ በምርጫ የሚገቡ የደጋፊ ተወካዮች፣ በዓመት አንድ ጊዜ በይፋ የሚነበብ ሒሳብ፣ "ቡድኑ ያለ ደጋፊው ማህበር ስምምነት አይፈርስም፣ ስሙና ቀለሙ አይለወጥም" የሚል አንድ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ። ይህንን ለማድረግ ቢሊየነር አያስፈልግም።

ሥርዓቱንም ከውጭ ማምጣት አይጠበቅብንም። እድር አለን። የአባላት መዝገብ፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ የሚመረጥ ዳኛና ጸሐፊ፣ ያልመጣ የሚቀጣበት ደንብ፣ በየጊዜው የሚነበብ ሒሳብ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ስማርት ስልክ ሳይኖራቸው ያስኬዱታል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም እ.ኤ.አ በ1984 ሂዩስተን ላይ የጀመሩትን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ ከተማ እየቀያየሩ፣ ራሳቸው አመራር እየመረጡ እስከዛሬ አድርሰውታል። ጭቅጭቅ አልነበረም? ነበር። ውድድሩ ግን አለ።

ተጠንቀቁ

አንድ ማሳሰቢያ። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ "የክለብ አክሲዮን ግዙ፣ በዓመት ይህን ያህል ትርፍ አለው" ቢላችሁ ሽሹ። ግማሽ ሚሊዮን ባለቤት ያለው ፓከርስ እንኳ ለባለአክሲዮኑ አንድ ሳንቲም ትርፍ አይከፍልም፣ ይህንንም ቀድሞ ይናገራል። የክለብ ባለቤትነት የሚከፍለው በሌላ ነገር ነው፤ ቡድኑ ነገም እዚያው መኖሩን በማወቅ።

አሁን አባል የሆናችሁበት የደጋፊ ማህበር ካለ፣ የሚቀጥለውን መታወቂያ ከማሳደሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የአባላት ዝርዝር አለ ወይ፣ ስንት ነን? አመራሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው መቼ ነው? ያለፈው ዓመት ሒሳብ የት ይነበባል? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ ማህበራችሁ የቆመ ነው፤ ክለቡን "የደጋፊ ወንበር ስጠን" ብሎ መጠየቅ ይችላል። መልስ ካጣችሁ ደግሞ ሥራው ከክለቡ በፊት ከማህበሩ ይጀምራል።

ጓሳ ዛሬም ሲዘጋ የሚጠብቀው የመንዝ ገበሬ ነው። ሳሩ ሲደርስ የሚያጭደውም እሱ ነው።